ጣቴ ተጣሞ ገጥሟል፤ ኦፕራሲዮን ልደረግ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ የተሰበረ የመዳፍ ወይም የጣት አጥንት ተጣሞ ሲገጥም ምን ይደረግ? ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ "አጥንቱ ገጥሟል" ተብለው የተሸኙ ናቸው። አባባሉ እውነት ነው፤ እጁ እንደ ቀድሞው ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአምስት ወር በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቄ በቀኝ እጄ ላይ ከቀለበት ጣቴ ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት ተሰበረ። ወጌሻ ለአንድ ወር አሰረልኝ። አሁን ሕመም የለኝም፤ እጄን ስጨብጥ ግን የቀለበት ጣቴ መሐል ጣቴ ላይ ይወጣል። መቀስ ስይዝ ጣቶቼ ይቆላለፉብኛል። አንድ ሐኪም ራጁን አይቶ "ደህና ነው፣ ተወው" አለኝ፤ ሌላው "ተቆርጦ መስተካከል አለበት" አለኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለተኛውን። የመጀመሪያው ሐኪም ራጁን በማየቱ አልተሳሳተም፤ ራጅ ግን ጠፍጣፋ ሥዕል ስለሆነ ጎን ለጎን የጎበጠ አጥንትን እንጂ በራሱ ዙሪያ የዞረን አጥንት በደንብ አያሳይም። የእርስዎ ችግር መዞር ነው። መዞርን የሚያጋልጠው ደግሞ ጣትን ማጠፍ ነው፤ ጣት ሲዘረጋ ምንም ላይመስል ይችላል።

እንዲህ አድርገው ይመልከቱት። ሁለቱንም ክርኖችዎን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፉ፤ መዳፎችዎን ወደ ራስዎ ያዙሩና ጣቶችዎን ቀስ ብለው መጀመሪያ በግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ያጥፏቸው። ጤነኛ እጅ ላይ የአራቱ ጣቶች ጫፍ ሲታጠፍ ወደ አንድ አካባቢ ያመለክታል፤ ከአውራ ጣት ግርጌ፣ የእጅ አንጓ ላይ ጎላ ወዳለችው አጥንት። የዞረው ጣት ከዚህ መስመር ይወጣል። ግራ እጅዎ መመዘኛዎ ነው፤ በተፈጥሮው ትንሽ የሚደራረብ ጣት ያለው ሰው ስላለ ሁለቱን እጆች ሳያነጻጽሩ አይፍረዱ። ሁለቱንም ጨብጠው ከፊት ለፊት በስልክ ፎቶ ያንሱና ለሐኪሙ ያሳዩ። ከራጁ እኩል ይጠቅመዋል።

የመዳፍ አጥንት 5 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ጣቱ ሲታጠፍ ጫፉ ላይ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል መደራረብ ሊፈጥር ይችላል። በር ማጠፊያው ላይ በጥቂቱ ሲዛነፍ ጫፉ ወለሉን እንደሚፍቀው ማለት ነው። ከገጠመ በኋላ ደግሞ በማሸት፣ ከጎረቤት ጣት ጋር በማሰር ወይም በፊዚዮቴራፒ አይመለስም። ከጎረቤት ጣት ጋር ማሰር የሚጠቅመው አጥንቱ ገና ሳይገጥም ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "አጥንቱ ተጣሟል ወይ?" ሳይሆን "ምን መሥራት አቃተኝ?" የሚል መሆን አለበት። የሚያስጨንቅዎ የእጅዎ መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተዉት እንል ነበር፤ የእጅ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ይተዋል፣ ጥቂት የመታጠፍ አቅምም ሊወስድ ይችላል። የእርስዎ ግን እንጀራዎ መቀሱ ላይ ነው፤ መቀሱም ተቆልፏል። ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከስብራቱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 8 እስከ 10 ሳምንታት ቢሆን ኖሮ አዲስ የበቀለው አጥንት ገና ለጋ ስለሆነ ሐኪሙ የድሮውን የስብራት መስመር አግኝቶ ሊከፍተው ይችል ነበር። በአምስት ወር ያ መስመር ደርቆ ጠፍቷል፤ አሁን አጥንቱ እንደ አዲስ ይቆረጣል። የሚያስቸኩል ነገር የለም ማለት ነው። ይህን ጊዜ መገጣጠሚያዎቹን ለማላላት ይጠቀሙበት። እያንዳንዱ ጣት በሌላው እጅ ሲገፋ ሙሉ በሙሉ የማይታጠፍ ከሆነ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ይሥሩ። በደረቀ እጅ ላይ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ቀጥ ያለ ግን የማይታጠፍ ጣት ያስረክባል።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ረጅም አይደለም። በእጁ ጀርባ በኩል ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይከፈታል፤ ጅማቱ ወደ ጎን ይደረጋል። ከመቆረጡ በፊት አጥንቱ ላይ ምልክት ይደረጋል ወይም ከላይና ከታች ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይተከላሉ፤ አጥንቱ ሲዞር ምን ያህል እንደዞረ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። በቀጭን መጋዝ፣ ውኃ እየፈሰሰበት ይቆረጣል፤ ያለ ውኃ የሚሠራ መጋዝ አጥንቱን በሙቀት ስለሚያቃጥለው ቁርጡ መግጠም ሊያቅተው ይችላል። ከዚያ ተስተካክሎ በትንሽ ብረትና በብሎን ይታሰራል፤ ከቁርጡ በላይም በታችም ቢያንስ ሁለት ሁለት ብሎን ያስፈልጋል። መዳፍ አጥንት ላይ በማዞር የሚታረመው ለሌባ፣ ለመሐልና ለቀለበት ጣት እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ትንሿ ጣት ከ20 እስከ 30 ድረስ ትፈቅዳለች። ይህም የእርስዎን ዓይነት መደራረብ በአብዛኛው ይሸፍናል።

ማደንዘዣውን በተመለከተ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ "ነቅቼ መሠራት እችላለሁ?" ሊዶካይን (የሚያደነዝዝ መድኃኒት) ከአድሬናሊን (የደም ሥርን የሚያጠብ መድኃኒት) ጋር ተቀላቅሎ እጅ ላይ ብቻ ይወጋል፤ 25 ወይም 30 ደቂቃ ተጠብቆ ሥራ ይጀመራል። ክንድ ላይ የሚታሰረው የደም መግቻ አያስፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ ሐኪሙ "ጨብጥ" ሲልዎ እዚያው ጠረጴዛው ላይ መጨበጥዎ ነው፤ ጣቱ አሁንም ከተደራረበ ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ይታረማል። ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጠዎ ሐኪሙ የእጅ አንጓዎን ወደ ኋላ በማጠፍ ጣቶቹ በራሳቸው ሲሰበሰቡ ያያል። ይህም ይሠራል፤ የእርስዎን ጭብጥ ያህል ግን አይሆንም።

ሐዋሳን ጨምሮ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአጥንት ሐኪም አላቸው። የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ዕቃው ነው። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ለእጅ የሚሆን የ1.5 ወይም የ2.0 ሚሊሜትር ብረትና ብሎን እንዳለ በግልጽ ይጠይቁ። ለክንድ የሚውለው የ3.5 ሚሊሜትር ብረት ለመዳፍ አጥንት ወፍራም ነው፤ ከቆዳ ሥር ይጎረብጣል፣ ጅማቱንም ይፈገፍጋል። ከሌለ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እንዲጽፉልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ሥራ ነው። እጅ ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ብረቱ አጥብቆ ከያዘ ጣቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። እጁ ላይ የሚታሰረው መደገፊያ ጣቶቹን ከሥራቸው 70 ዲግሪ ያህል አጥፎ፣ ከዚያ በላይ ግን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት። ከሥራቸው ቀጥ ብለው ለሳምንታት ከታሰሩ ጅማቶቹ አጥረው ይቀራሉ፤ ብዙ እጅ የሚበላሸው በስብራቱ ሳይሆን በዚህ አስተሳሰር ነው። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ቀላል የልብስ ስፌት ሥራ ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ከባድ ነገር ማንሳት ከ10 እስከ 12 ሳምንት። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ አጥንቱ እስኪገጥም ያቁሙ፤ የአጥንት መግጠምን ያዘገያል። ለሁለት ወር ገቢ የሚሸፍንልዎ መንገድ ካላገኙ ደግሞ ኦፕራሲዮኑን እስኪያገኙ ያዘግዩት፤ በሦስተኛው ሳምንት የልብስ ካውያ ያነሳ እጅ ብሎኑን ሲነቅል ይታያል።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር በፊት ተናዶ ግድግዳ በቡጢ መታ። አሁን እጁን ሲጨብጥ የትንሿ ጣት ጉብታ የለም፤ ሰጥሟል። እሱ "ምንም አይሰማኝም" ይላል፤ እኔ ግን በኋላ ይጎዳዋል ብዬ ፈርቻለሁ። (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናት፣ ከሦስት ነገሮች አንዱ ካልታየበት ይተዉት። ሲጨብጥ ጣቱ በጎረቤቱ ላይ ይወጣል? እቃ አጥብቆ ሲይዝ መዳፉ ውስጥ ድንጋይ የያዘ ያህል ይጎረብጠዋል? ጣቱን ሊዘረጋ ሲል ከሥሩ ወደ ላይ ተቀልብሶ መሐሉ ይታጠፋል? ሦስቱም ከሌሉ ያጣው ጉብታውን ብቻ ነው። ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት አንገቱ ላይ 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ጎብጦ እጁ ደህና ሲሠራ ይታያል፤ ምክንያቱም የዚህ አጥንት ግርጌ ይንቀሳቀሳል፣ ጉብጠቱን ያካክሳል። በሌባና በመሐል ጣት በኩል ያለው ግርጌ አይላወስም፤ እዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከበለጠ ያስቸግራል። ልጅዎ የመታበት ጣት ጉብጠትን ከሁሉ ይበልጥ የሚታገሠው ነው።

ጥያቄ፦ የቀለበት ጣቴ ከተሰበረ ሁለት ወር ሆነው፤ ተጣሞ ገጥሟል። ወጌሻው "መልሼ ሰብሬ አስተካክልልሃለሁ" አለኝ። ሐኪም ቤትም ቢሆን የሚያደርጉት ያው አይደለም? (ከደሴ)

መልስ፦ አይደለም። ሐኪሙ አጥንቱን የሚቆርጠው በመረጠው ቦታ ነው፤ በእጅ ሲሰበር ግን አጥንቱ የሚሰበረው በደከመበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከጠመመበት ቦታ ጋር አንድ የሚሆነው በዕድል ነው። ጅማቶቹ በዚህ ጊዜ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቀዋል፤ አብረው ይቀደዳሉ። ከተሰበረ በኋላም ቢሆን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ነገር የለም፤ ቀርከሃውና ጨርቁ የመጀመሪያውን ጊዜም አልያዘውም።

ወጌሻ የሚሠራው ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ ያልተሰበረ ወለምታ ላይ ልምድ ያላቸው አሉ። አጥንት ላይ ግን ራጅ ሳይነሳ አይታሰር። አጥብቀው ካሰሩልዎ ደግሞ ጣቱ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ይፍቱትና ወደ ሐኪም ይሂዱ። በዚህ የተነሳ እጃቸው ሞቶ የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው።

ሁለት ወር ከሆነዎ ይፍጠኑ። ከላይ ለሐዋሳው ጠያቂ የጠቀስነው የ8 እስከ 10 ሳምንት ጊዜ ለእርስዎ ገና አላለፈም።

ጥያቄ፦ ጅዳ በቤት ሠራተኝነት የምሠራ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከሰባት ወር በፊት መሐል ጣቴ ላይ በር ተዘግቶብኝ መሐለኛው መገጣጠሚያ ላይ ተሰበረ። ሽቦ አስገብተው በአራተኛው ሳምንት አወጡት። አሁን ጣቴ ግማሽ እንኳ አይታጠፍም። ኦፕራሲዮን ይጠቅመኛል? እዚህ ልደረግ ወይስ አገር ቤት ገብቼ?

መልስ፦ "አልታጠፍ አለ" የሚለው ቅሬታ ሦስት የተለያዩ ጥፋተኞች አሉት፤ ሕክምናቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ የእርስዎን ይለዩ።

የታመመውን ጣት በራሱ ኃይል እስከቻለ ያጥፉት። ከዚያ በሌላው እጅዎ ቀስ ብለው ይግፉት። ሲገፋ ጨምሮ የሚታጠፍ ከሆነ መገጣጠሚያው ክፍት ነው፤ ጥፋተኛው ጅማቱ ነው፣ ከጠባሳው ጋር ተጣብቋል። በራሱም ሲገፋም እኩል ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ችግሩ መገጣጠሚያው ነው። አሁን አቋቋሙን ያስተውሉ፦ እንደ ላስቲክ እየለመጠ የሚቆም ከሆነ የመገጣጠሚያው ሽፋን አጥሯል፤ ድንጋይ የነካ ያህል ድንገት ቀጥ የሚል ከሆነ ወደ ውስጥ የወጣ አጥንት ያግደዋል። የመጨረሻውን ለማየት ጣቱ ብቻውን በትክክል በጎን የተነሳ ራጅ ያስፈልጋል፤ አራቱ ጣቶች ተደራርበው የተነሱበት ራጅ ለዚህ አይጠቅምም። ስብራቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ስለነበር ሲቲ ስካን ቢጠየቅልዎ ትርፍ ወጪ አይደለም።

ከኦፕራሲዮን በፊት ግን ፊዚዮቴራፒን በደንብ ሞክረዋል? "በደንብ" ማለት እጅን ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ካሞቁ በኋላ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ጊዜ ማጠፍ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እስከ 10 ቆጥሮ መያዝ ነው። የጣቱን የታችኛውን አንጓ በሌላው እጅ ቆልፈው መሐለኛው ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ፤ ካልቆለፉት ሥሩ እየታጠፈ የሠራ ያስመስልዎታል። በየሳምንቱ በማስመሪያ ይለኩ፦ ከጣቱ ጫፍ እስከ መዳፍዎ የላይኛው መስመር ስንት ሴንቲሜትር ቀረ? ቁጥሩ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ ማንም ቢላዋ አያንሳ። ለሦስት ወር ያህል ከቆመ ያኔ ስለ ኦፕራሲዮን እንነጋገር።

ጅማቱ ከሆነ ከጠባሳው ይላቀቃል። ይህ ኦፕራሲዮን ግን የሚሠራው በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን ጣትዎን ማንቀሳቀስ ከጀመሩና ሕመሙን እየታገሉ ለሳምንታት ከቀጠሉ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ በዚያው ቦታ እንደገና ይጣበቃል፣ ሁለተኛው ጠባሳም ከመጀመሪያው ይብሳል። የአጠረ ሽፋን ከሆነ እሱም ሊለቀቅ ይችላል፤ የሚገኘው መሻሻል ግን ከፊል ነው። የሚያግድ አጥንት ከሆነ ይነሳል። መገጣጠሚያው ራሱ ከረገበና ከተበላሸ ግን በሰባት ወሩ ስብራቱን ከፍቶ ማስተካከል ብዙም አያተርፍም። ጣቱ የሚያምዎ ከሆነ የሚቀረው አማራጭ ሁለቱን አጥንቶች ለሥራ በሚመች ማዕዘን አጣብቆ አንድ ማድረግ፣ ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስገባት ነው። ለመሐል ጣት የሚመረጠው ማዕዘን 45 ዲግሪ ገደማ ነው። አይታጠፍም፣ አያምምም፣ ይይዛል። ለጉልበት ሠራተኛ እጅ ብዙ ጊዜ የተሻለው ይኸኛው ነው፤ ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ባልዲና መወልወያ አይወድም።

የማያምዎ፣ ግን ትንሽ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነስ? ብዙ ሰው በእንዲህ ዓይነት መሐል ጣት ሥራውን ይሠራል። መተው ራሱ ምርጫ ነው።

የት ልደረግ ለሚለው፣ የሚወስነው የሐኪም ቤቱ አገር ሳይሆን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያሉትን ስድስት ሳምንታት የሚያሳልፉበት ቦታ ነው። አሠሪዎችዎ ከልብስ አጠባና ከማእድ ቤት ነፃ ያደርጉዎታል? በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚወስድዎ አለ? መድን ካለዎት ኦፕራሲዮኑን ብቻ ነው ወይስ ፊዚዮቴራፒውንም የሚሸፍነው? ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ "አይ" ከሆነ ውል ጨርሰው ሲገቡ አገር ቤት ይደረጉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ጥቂት ወራት መዘግየት ብዙ አይጎዳም። በየትኛውም መንገድ የመጀመሪያዎቹን ራጆች በሲዲ፣ የኦፕራሲዮኑንም ጽሑፍ ቅጂ አሁኑኑ ከሆስፒታሉ ይውሰዱ። ከአገር ከወጡ በኋላ ማስመጣት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ የትንሿ ጣቱ ሥር ተሰብሮ ወደ ውጭ አዘንብሎ ገጠመ። "ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል" ይሉኛል። እውነት ነው? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በከፊል። የጣት አጥንቶች የሚያድጉት ከግርጌያቸው በኩል ነው፤ ስብራቱ ለዚያ ቅርብ ከሆነ ዕድገቱ ብዙ ያስተካክላል። በተለይ ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ የሆነን ጉብጠት፤ ወደ ጎን ያዘነበለውን ግን ባነሰ መጠን። የዞረ ጣትን ዕድገት አያቃናም። ስለዚህ ልጁን ያስጨብጡት። ጣቱ ካልተደራረበ፣ በስድስት ወሩ ራጅ ያስደግሙና ማዘንበሉ እየቀነሰ መሆኑን ይዩ፤ ብዙ የሚያድግበት ዓመት ስላለው መጠበቅ ያዋጣል። ከተደራረበ አሁኑኑ የእጅ ወይም የሕፃናት አጥንት ሐኪም ይየው።

ከመጠበቁ ሕግ የምትወጣ አንዲት ስብራት አለች፦ የጣት አጥንት ጫፍ አካባቢ፣ ከመገጣጠሚያው ልክ ኋላ፣ አንገቱ ላይ የምትሰበር። ሕፃናት በር ሲዘጋባቸው ትመጣለች። ከማደጊያው ሩቅ ስለሆነች በደንብ አትቃናም፤ ጣቱንም እንዳይታጠፍ ታግደዋለች። ይህችን በሳምንታት ውስጥ ማስታየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ መዳፌ ውስጥ የገባው ብረት የግድ መውጣት አለበት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የግድ አይደለም። ካልጎረበጠዎ፣ ሲነኩት ካላመመዎ፣ ጣትዎን ሲያንቀሳቅሱ እየተፈገፈገ ካልሰሙት ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል። የሚወጣ ከሆነ አጥንቱ በራጅ ሙሉ በሙሉ መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በፊት አይቸኮልም። ጣትዎ ጥቂት መታጠፍ ከቀረው ብረቱን የሚያወጣው ሐኪም በዚያው ክፍት ጅማቱንም ሊያላቅቅልዎ ይችላልና ቀጠሮው ላይ ይህን ያንሱለት። ከወጣ በኋላ የብሎኖቹ ቀዳዳ እስኪሞላ ለስድስት ሳምንት ያህል በዚያ እጅ ቡጢም፣ ከባድ ጀሪካንም አይሞክሩ።